የዲሪርሳ መሪ

ሱሉልታ ባለችው ጌም ቤቴ አንድ የመኪና ጌም መጫወቻ መሪ አለኝ። ጌሙ ውስጥ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ መሪው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ክብደቱም ሆነ ወደ ጎን መጎተቱ በሴቲንግ ይስተካከላል። "ኪሩ፣ ይሄ መሪ ይከብዳል፤ ደግሞ ወደ ግራ ይጎትታል፤ አስተካክለው እንጂ!" የማይለኝ ደንበኛ የለም። ካልተመቸህ ሌላ ቤት ሂድ እለዋለሁ። አልነካውም።

እንዲህ ያደረገው ጓደኛዬ ዲሪርሳ ነው። የአባቱን ሚኒባስ ከሱሉልታ ጫንጮ ይነዳ ነበር። "የኔን መኪና ካልመሰለ ምኑን ነዳሁት?" እያለ አንድ ቀን የጌሙን መሪ ሲያከብድ ሲያቀል ዋለ። በሳምንቱ ቅዳሜ ሚኒባሱ ወደ ግራ ወጥቶ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። እንቅልፍ ወስዶት ነው ተባለ። ቀበርነው።

ትናንት አባቱ ኦቦ ደገፋ መጡ።

"ልጄ የሚጫወትበት የትኛው ነው?"

ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸውና ቀጥ ያለ መንገድ ከፈትኩላቸው። ሠላሳ ዓመት ሹፌር ነበሩ፤ መሪውን እንደያዙ ትንሽ ነዱና ቆሙ።

"ይጎትታል" አሉ።

"አዎ ኦቦ፣ እሱ ነው እንዲህ ያደረገው። የኔ መኪና ልክ እንደዚህ ናት ብሎ። ላስተካክልልዎት?"

"ተወው።" መሪውን አልለቀቁም። "ለእኔም ነግሮኝ ነበር። አባዬ፣ መሪው ይጎትታል፣ ጋራዥ ላስገባት አለኝ። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ እሱን ሥራና ሰኞ ታስገባታለህ አልኩት።"