የሸራ ሰፊዋ ባል

የንጉሣችን ሞት ወሬ ከባሕር ማዶ ከተማችን ኒውፖርት በደረሰ በሳምንቱ ኤልናታን ዊክስ ሁለት ጎረምሶች አስከትሎ የሸራ ቤታችንን ደረጃ ወጣ። ባርኔጣውን እንኳ አላወለቀም።

«እንደምን ዋልሽ፣ ወይዘሮ ዊክስ» አለ።

ስድስት ሴቶች ወለሉ ላይ ተቀምጠን የአንድ ትልቅ መርከብ ሸራ እየሰፋን ነበር። መርፌያችንን እንደያዝን ቀና አልን። ከመካከላችን ዊክስ የምትባል አልነበረችም።

ኬዛያ ታልማን ከተንበረከከችበት ሳትነሳ «ተሳስተሃል። እንዲህ የምትባል ሴት እዚህ የለችም» አለችው።

«አለች እንጂ። ሚስቴ ናት። አንቺ ነሽ።»

ኬዛያን ሁላችንም «እትዬ» ነበር የምንላት። እኔን ብትበልጠኝ በአራት ዓመት ነው። አባቷ ሸራ ሰፊ ነበር፤ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ሙያውን ለእሷ አስተማራት፣ ሲሞትም ቤቱን ተወላት። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት በራሷ ስም ስትዋዋል፣ በራሷ ስም ስትሠራ ኖረች። ካፒቴኖቹ መጀመሪያ ይስቁባት ነበር። ሸራዋ ማዕበል ሲችል ካዩ በኋላ ግን ከቦስተን ድረስ ይልኩባት ጀመር። ለጋብቻ የጠየቋትም ብዙ ነበሩ፤ ኤልናታን አንዱ ነው። «ካገባሁ ይቺ መርፌ እንኳ የእኔ አትሆንም» ብላ ሁሉንም ትመልስ ነበር። እውነቷን ነው። በእኛ አገር ሕግ ያገባች ሴት ያላት ሁሉ የባሏ ነው። ያላገባች ግን እንደ ወንድ ትከስሳለች፣ ትሸጣለች፣ ትገዛለች።

ኤልናታን ከደረት ኪሱ ወረቀት አወጣ። የኒው ለንደን ከተማ ቄስ የፈረመው የጋብቻ ወረቀት ነው አለ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ መጋቢት አምስት ቀን። ቄሱ ሞተዋል። ከታች የሁለቱ ተጋቢዎች ፊርማ ነበር።

ኬዛያ ተነስታ ወረቀቱን ሳትነካ አየችው።

«የእኔን እጅ የሚመስል እጅ ከየት አገኘህ?» አለችው።

«ከራስሽ ነዋ!» ሳቀ። «ተደብቀን ብንጋባም ጋብቻ ጋብቻ ነው። ታገስኩሽ፤ አሁን ግን በቃኝ። ቤቱን ለአረቄ አውጪ ሰውዬ ሰጥቼዋለሁ። ሴቶቹ ይሂዱ።»

ጎረምሶቹ ከወለሉ አስነሱን። ሸራው እንደተዘረጋ፣ መርፌው እንደተሰካ ቀረ። ኤልናታን በሩ ላይ የራሱን ቁልፍ አንጠለጠለበት። ኬዛያ መንገዱ ላይ ቆማ ቁልፉን ብቻ ታይ ነበር። በዚያው ቀን ዳኛው ዘንድ ሄዳ አመለከተች፤ ለሐሙስ ቀጠሯት።

እንግዲህ የራሴንም ነገር መናገር አለብኝ፤ ሄቲ ስፕራግ እባላለሁ።

በዚያ መጋቢት ባሌ ሩፎስ ክፉ ትኩሳት ይዞት ነበር። በሽታው ይጋባል ስለተባለ በራችን ላይ ቀይ ጨርቅ ሰቀሉ፤ ጎረቤት ሁሉ በማዶ ነበር የሚያልፈው። ኬዛያ ብቻ መጣች። ገባችና ሦስት ሳምንት አልወጣችም፤ እኔም ስወድቅ ሁለታችንንም አስታመመች። ስለዚህ ነው በእነዚያ ሦስት ሳምንታት በከተማው ማንም ያላያት። ኤልናታን ማንም እንዳላያት ከሰው አጣርቷል። ቀኖቹን የመረጠው በዚሁ ነው።

ሩፎስ ሊሞት ሲል ሽማግሌውን ቄስ ኮልቨርን አስጠርቶ ኑዛዜ አስጻፈ። ከዚያ በፊት ቤቱን ለእኔ የሚሰጥ ሌላ ኑዛዜ ነበረው። በሞት አልጋው ላይ ግን እህቱ ዶርካስ ትዝ አለችው። ቤቱ የአባታቸው ነበር፤ ድሀ ዓሣ አጥማጅ አገባሽ ብሎ ድርሻዋን ከልክሏት ነበር። «ለዶርካስ ይሁን» ብሎ አስጻፈና ሞተ። ቄሱ፣ አብራቸው የመጣች አንዲት አሮጊት አስታማሚ እና ኬዛያ ምስክር ሆነው ፈረሙ። አሮጊቷ በዚያው በሽታ ሄደች፤ ቄሱም በዓመቱ ተከተሏት።

እኔ የመጀመሪያውን ኑዛዜ ለከተማው ጸሐፊ ሰጠሁ። ሁለተኛውን ከዳቦ ምድጃው ጎን ካለው ጡብ ኋላ ደበቅሁት። ዶርካስ አራት ልጆች ይዛ በአቅራቢያችን ባለችው ብሪስቶል በሰው ጎጆ ትኖር ነበር። አውቃለሁ። ኬዛያም ታውቃለች። አንድ ጊዜ ብቻ «ሄቲ፣ እኔ አላወጣብሽም፤ ለኅሊናሽ ግን አንቺው መልስ ስጪ» አለችኝ። ከዚያ አንስታው አታውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ፍርድ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ዳኛው ገና ሲጀምሩ ምላሳቸው ተያዘ። «ወይዘሮ… ወይዘሪት… እንግዲህ ዛሬ የምንለየው ይህንኑ ነው» አሉ፤ ሰው ሳቀ። ኬዛያ አልሳቀችም።

ኤልናታን አፉ ማር ነው። በኒው ለንደን አንዲት ክፍል ተከራይተው ሦስት ሳምንት እንደ ባልና ሚስት እንደኖሩ፣ የዓሣ ሾርባ እንደምትሠራለት፣ ማታ ማታ እንደምትዘፍንለት ተናገረ። ኬዛያ ስትዘፍን የሰማ ሰው የለም። አንድ መርከበኛ ግን መጽሐፍ ላይ እጁን ጭኖ «አዎ፣ ሰርጋቸው ላይ ነበርኩ» ብሎ ማለ።

ዳኛው ወደ እሷ ዞሩ። «በእነዚያ ሳምንታት የት ነበርሽ?»

«ሄቲ ስፕራግ ቤት፤ ባሏን ሳስታምም።»

«ማን አየሽ?»

«እሷ።»

«ከእሷ ሌላስ?»

«ሌሎቹ ሞተዋል፣ ጌታዬ።»

«በእነዚያ ቀናት እዚህ ከተማ መሆንሽን የሚያሳይ ጽሑፍ አለሽ? ደብዳቤ፣ ፊርማ፣ ምንም?»

ኬዛያ ተመለከተችኝ። ለአፍታ ብቻ ነው። ከዚያ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች።

«የለኝም» አለች።

ቆሜ ምስክርነቴን ሰጠሁ፤ እኔ ቤት ነበረች፣ በእጇ አጉርሳኛለች አልኩ። የኤልናታን ጠበቃ ፈገግ ብሎ ቀረበኝ።

«ለመሆኑ የማንን እንጀራ ነው የምትበዪው?»

«የእትዬን… የወይዘሪት ታልማንን።»

«እሷ ከተረታች ነገ የት ትሠሪያለሽ?»

መልሴን ሳይጠብቅ «በቃኝ» ብሎ ተቀመጠ። ከኋላ አንዱ «ያበላት እጅ ሲቆረጥ ዝም ትበል እንዴ!» አለና ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ዳኛው ለምሳ አሰናበቱን። ስምንት ሰዓት ላይ ደወል ሲደወል ፍርድ ይሰጣሉ።

ደጅ ላይ ኬዛያ ክንዴን ያዘችኝ። አያያዟ ያምም ነበር።

«ቤትሽ እንዳትሄጂ።»

«እትዬ፣ ሸራ ቤቱስ?»

«ሌላ ከተማ ሄጄ እሰፋለሁ።»

«ሚስቱ ሆነሽ? የትም ብትሄጂ በሕግ ጎትቶ ያመጣሻል። የሰፋሽውም የእሱ ነው።»

«ሄቲ፣ ሦስት ዓመት አፌን የያዝኩት ዛሬ ራስሽን በራስሽ እንድታፈርሺ አይደለም። ቤቱን ካጣሽ ልጅ የለሽ፣ ባል የለሽ። የት ትገቢያለሽ? እንዳትሄጂ ብያለሁ!»

ክንዴን አስለቅቄ ሄድኩ።

ቤቴ ስገባ ምድጃው ውስጥ የጠዋቱ ፍም አልጠፋም። ጡቡን ፈነቀልኩ። ወረቀቱ ጠርዙ በጭስ ጠቁሯል እንጂ ደህና ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ፍሙን አየሁት። ወረቀቱን አየሁት። ብጥለው በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም ሊጠይቀኝ አይችልም። እጄ ወደ ፍሙ ስትሄድ አውቃታለሁ።

በሩ ተንኳኳ። ሳልመልስ ተከፈተ። ኤልናታን ነበር።

ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ሸጎጥኩ። አይቶ ይሆን? አላየም መሰለኝ። መቃኑን ተደግፎ መውጫውን ዘጋው።

«ስትሮጪ አይቼሽ ነው» አለ። «ምን ረስተሽ?»

«ምሳ ልቀምስ።»

«ብዪ እንጂ። እኔ አልበላሽም።» ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የበቆሎ ቂጣ ቆርሶ ራሱ ይበላ ጀመር። «ሄቲ፣ አንቺ ብልህ ሴት ነሽ። ስትመለሺ ‹ታምሜ ነበር፣ ቀኑን በደንብ አላስታውስም› በያቸው። ይኸው ነው። ውሸት እንኳ አይደለም፤ ታመሽ አልነበር?»

«ታምሜ ነበር።»

«አየሽ! ለአረቄ አውጪው እነግረዋለሁ፤ ሥራ አታጪም። እምቢ ካልሽ ግን…» የቤቱን ጣሪያ ቀና ብሎ አየ። «ብቸኛ መበለት፣ የእንጨት ቤት። እሳት እንደሆነ አይታወቅም።»

«አስብበታለሁ» አልኩት።

«መንገድ ላይ ታስቢያለሽ። አብረን እንሄዳለን።»

እጄን በክንዱ ውስጥ አስገብቶ እንደ ዘመድ ይዞኝ ወጣ። በወደቡ መንገድ ስናልፍ ለሚያውቀው ሁሉ ባርኔጣውን ያነሳል። ወረቀቱ በረገጥኩ ቁጥር ደረቴ ውስጥ ይንኮሻኮሻል። ድምፁ ለእኔ እንደ ነጎድጓድ ነበር። ከተሰማው ከደረቴ ነጥቆ ባሕር ውስጥ ለመጣል ሦስት እርምጃ አይፈጅበትም። ድምፁን ለመሸፈን ሳልኩ። ደግሜ ሳልኩ።

«በሽታሽ ተመለሰብሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ደወሉ ሲደወል በሩ ላይ ደረስን። ሕዝቡ ሲጋፋ ክንዴን ለቀቀኝ። እኔም ቀጥ ብዬ እስከ ዳኛው ጠረጴዛ ሄድኩ።

ኬዛያ ከወንበሯ ተነስታ «ሄቲ!» አለች። የጮኸችብኝ በሕይወቴ ያኔ ብቻ ነው።

ወረቀቱን አውጥቼ ዳኛው ፊት ዘረጋሁት። «የባሌ ኑዛዜ ነው፣ ጌታዬ። ደብቄው ነበር።»

ዳኛው መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አነበቡ። የቄስ ኮልቨርን እጅ ጽሑፍ የማያውቅ ዳኛ በኒውፖርት የለም፤ እኒህን ዳኛ ራሳቸውን ያጋቧቸው እሳቸው ናቸው። አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን አጥፈው ያዙት። ኤልናታንን ጠሩት።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ሙሽራይቱ ጤናዋ እንዴት ነበር?»

ኤልናታን እኔን አየኝ፣ ወረቀቱን አየ። «ደህና ነበረች፣ ጌታዬ።»

«እጇም?»

«እጇም ደህና። ሸሚዜን ሰፍታልኛለች።»

«በዚህችው ቀኝ እጇ ፈረመች?»

«በፊቴ ነው የፈረመችው።»

ዳኛው ወረቀቱን መልሰው ገለጡና ጮክ ብለው አነበቡ። «መጋቢት አሥራ አራት፣ በኒውፖርት። ምስክሯ ኬዛያ ታልማን ከአሥር ቀን በፊት ለሕመምተኛው በምታፈላው ውኃ ቀኝ እጇ ክፉኛ ስለተቃጠለና ስለታሰረ፣ በፊቴ በግራ እጇ ፈርማለች። ኮልቨር፣ ቄስ።» ከዚያም ፊርማውን ለሕዝቡ አዙረው አሳዩ። ፊደሉ ዶሮ የጫረችው ይመስል ነበር።

ከአሥራ አራት አሥር ሲነሳ አራት ነው። ኤልናታን «መጋቢት አምስት» ያለው እጇ በተቃጠለ በማግስቱ ነበር።

ያ የማለው መርከበኛ ቀድሞ ተነሳና ወደ በሩ ገፋ፤ የፍርድ ቤቱ ዘበኛ በደረቱ መለሰው። ኤልናታን «ሴቶች ናቸው፣ ተማክረው ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ማንም አልሰማውም። በወሩ በአደባባይ ቀዳዳ ባለው የቅጣት እንጨት አንገቱን አስገብተው አቆሙት፤ ከዚያ እስር ቤት። ሲወስዱት የሰደበኝን ስድብ አልደግመውም።

ዳኛው ለኬዛያ «ወይዘሪት ታልማን፣ ቁልፉን ሰብረሽ ግቢ» አሏት። ለእኔ ግን ፊታቸውን አጨለሙ። «ይህን ስንት ዓመት ደበቅሽው?»

«ሦስት ዓመት።»

«ቤቱ የዶርካስ ነው። ለሌላው በደልሽ በቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ፊት ቆመሽ ትናዘዣለሽ።» ቆሜ ተናዘዝኩ። ያኔ የሳቀ አልነበረም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ኬዛያ አላመሰገነችኝም። ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። በስምንተኛው ቀን ከሸራ ቤቱ ጓዳ የሸራ ጥቅልሎቹን አውጥታ አልጋ አስገባችበትና «ብርዱን እሳት ሳይኖር አትችይውም፤ ፍም ከእኔ ውሰጂ» አለችኝ። እኔም «እሺ፣ እትዬ» አልኩ።

ዶርካስ በጀልባ መጣች። አራቱ ልጆች ቅርጫት ተሸክመው ተከትለዋታል፤ ትንሿ ጫማ አልነበራትም። ቁልፉን ስሰጣት ወዲያው አልተቀበለችኝም። ምድጃውን፣ መስኮቱን፣ አባቷ የቸነከሩትን መደርደሪያ ዞራ ዞራ አየች።

«ወንድሜ መጨረሻ ላይ ስሜን ጠርቶ ነበር?» አለችኝ።

«ጠርቶሻል። ‹ለዶርካስ ይሁን› ነው ያለው።»

አለቀሰች፤ ብዙ አልቆየችም። በክንዷ ፊቷን ጠርጋ ትክ ብላ አየችኝ።

«ወረቀቱን ምን ያህል ጊዜ ልታቃጥዪው አሰብሽ?»

«ብዙ ጊዜ።»

«እኔ ብሆን አቃጥለው ነበር» አለችና ቁልፉን ከእጄ ወስዳ ልጆቿን አስገባች።