የፔግ ክዳን

ትራሙ ዳገቱ መሀል ላይ ቀጥ አለ። ያውም ሥራ በጀመረበት ቀን፣ ከንቲባው ከነወርቅ ሐብላቸው ተሳፍረው፣ የሃርክሊፍ ሕዝብ ግራና ቀኝ ተደርድሮ እያየ።

ያቆመችው ፔግ ናት፣ ትራሙን ከሚጎትቱት ሁለት ፈረሶች የግራዋ ባዝራ።

ታቢታ ከሕዝቡ መሀል ሆና አየቻት። ፔግን ለትራም ኩባንያው የሸጠችው እሷ ናት። ዘጠኝ ዓመት በዚህ ዳገት አብረው ወተት አዙረዋል። አምና ላሞቹ በበሽታ ሲያልቁ ታቢታ ጥጥ ፋብሪካ ገባች፣ ፔግ ሐዲድ ላይ። ስትሸጣት "ዳገቱን ዓይኗን ጨፍና ነው የምትወጣው" ብላ ነበር። አልዋሸችም። በየደንበኛው በር እንደምትቆም ግን አልተናገረችም። ማን አስቦት!

ነጂው ኢዝራ ደወሉን ሁለቴ መታ። ፔግ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም። የቀኙ ፈረስ ብቻውን ይፍጨረጨራል።

"ከንቲባው ይውረዱላት፣ ከብደዋት ነው!" አለ አንዱ ሸማኔ።

የቆመችበት ቤት በር ተከፈተ። እትዬ ሄፕዚባ፣ የድሮ ደንበኛ፣ ብቅ አሉ። "ውይ ፔግ! ዛሬ ደግሞ ስንት ሰው አስከትለሽ መጣሽ?"

ሳቁ ፈነዳ። የኩባንያው ተቆጣጣሪ ፒክልስ ብቻ አልሳቀም። ፊቱ በርበሬ መስሎ ዘሎ ወረደ።

"ፍታት! ዛሬውኑ ቄራ ትሄዳለች!"

"ጌታዬ፣ ጉልበት እኮ አላት" አለ ኢዝራ።

"ጉልበቷን አጥንት ቀቅለው ሙጫ ለሚሠሩት ትስጥ!"

ታቢታ ሰዉን በክርኗ እየገፋች ወጣች። ፔግ ምን እንደምትጠብቅ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ወተቱ ተቀድቶ ሲያበቃ የጣሳው ክዳን ሲገጠም ቷ! ይላል። ያን ሳትሰማ ንቅንቅ የለም።

"እትዬ ሄፕዚባ! የሰጠሁዎት ጣሳ አለ?"

"አመድ አጠራቅምበታለሁ።"

"ከነክዳኑ! ቶሎ!"

ይዘው እንደወጡ ጣሳውን ነጠቀቻቸውና ክዳኑን መታ አድርጋ ገጠመችው። ቷ! አመዱ ቡን ብሎ ፒክልስን አለበሰው። ፔግ አንገቷን ወርወር አድርጋ ተነሳች። የከንቲባው ባርኔጣ መሬት ወደቀ። ሕዝቡ ጮኸ፣ አብሮ ሮጠ።

የሚቀጥለው በር ላይ ፔግ ቆመች።

"ስንት በር ቀረ?" አለ ፒክልስ፣ አመዱን እያራገፈ።

"አሥራ አንድ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ጉድ ሠርተሽኛል!"

"ክዳኑ እስካለ ትሄዳለች። ቄራ የሚል ቃል ዳግመኛ ከወጣዎት ግን ክዳኔን ይዤ ቤቴ እገባለሁ። ከንቲባውን እርስዎ ይጎትቷቸዋል።"

"በፔግ ፈንታ ፒክልስን ጥመዱት! ፒክልስን!" አለ ሕዝቡ።

ከንቲባው አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። "ሚስተር ፒክልስ፣ ምሳዬ ያለው ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው!"

"እሺ! ቄራ የለም።"

"ጮክ ይበሉ፣ ይሰማ!" አለች ታቢታ።

"ቄራ የለም አልኩ!"

ታቢታ ቀሚሷን ሰብስባ ኢዝራ አጠገብ ወጣች። ጣሳውን ጉልበቶቿ መሀል አጣብቃ ክዳኑን አነሳች።