እሑድም ዓርብም ቤት ውስጥ ሰው አለ

ሁለተኛ ጊዜ የተሰረቅኩት የሆሳዕና ዕለት ነው። ከቤተክርስቲያን ስመለስ ዘንባባው ጣቴ ላይ እንደታሰረ ነበር። የፊቱን በር ከፍቼ ገና ሳልገባ ነፋስ ፊቴን መታኝ። የኋላው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቴሌቪዥኑ የለም፣ ቪዲዮው የለም፣ የሟቹ ባለቤቴ ፎቶ የነበረበት የብር ፍሬም የለም። ፎቶውን ግን አውጥቶ ሶፋው ላይ ጥሎልኛል። "ደግ ሌባ ነው" አልኩ ብቻዬን። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የመጀመሪያው ጥር ላይ ነው፣ ጥምቀትን ያከበርን እሑድ። ያኔም በጓሮ በኩል ነው የመጣው። የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ኬንቲሽ ታውን ነው፣ የካውንስል ቤት፣ በእኛ አገር የቀበሌ ቤት እንደማለት፤ ታችኛው ፎቅ ከነጓሮው የኔ ነው። ጓሮዋ ትንሽ ናት፤ ጎመንና ጤና አዳም ተክዬባታለሁ። ከጓሮዋ ኋላ ሰው የሚያቋርጥበት ጠባብ መንገድ አለ። መሀላችን ያለው አንድ የጡብ ግንብ ብቻ ነው፣ ቁመቱ እኔን የሚያክል። እኔ ደግሞ አጭር ነኝ።

ጥር ላይ ስሰረቅ ዝም አላልኩም። አገራችን ግንብ ያለው ሰው ምን ያደርጋል? ጠርሙስ ሰብሮ ጫፉ ላይ ይተክላል። እኔም እንደዚያ አደረግኩ። የጎረቤቴ የሰቢሃ ባል ከሊል ሲሚንቶ አቦካልኝ። ሰቢሃና ከሊል የደሴ ልጆች ናቸው፣ ቤታቸው ከኔ ቀጥሎ ነው። እሱ ሚኒካብ፣ በስልክ የሚጠራ ታክሲ፣ ይነዳል፣ እጁ ግን የማያውቀው ሥራ የለም። አረንጓዴ ጠርሙስ፣ ቡናማ ጠርሙስ፣ ነጭ ጠርሙስ፣ ከዳር እስከ ዳር ደረደርነው።

"እትዬ ዓይናዲስ፣ ከእንግዲህ ድመትም አታልፍ" አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ድመት አላለፈችም። ግን ከካውንስሉ አንድ ሰውዬ መጣ፣ ክራባት አስሮ፣ ወረቀት ይዞ። ግንቡን ከዳር እስከ ዳር አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ይሄ መነሳት አለበት" አለኝ።

"ለምን?" አልኩት በዚያችው እንግሊዝኛዬ።

"ሰው ሊጎዳበት ይችላል።"

"የትኛው ሰው?"

"ግንቡን የሚወጣ ሰው።"

"የኔን ግንብ የሚወጣው ማነው? ሌባ አይደል?"

"ሌባም ቢሆን እመቤት፣ ቢቆረጥ ሊከስዎት ይችላል። እኛንም ጭምር።"

"እንግዲያው መሰላል ላቁምለት?" አልኩት።

አልሳቀም። ሁለት ሳምንት ሰጠኝ። በዓቢይ ጾም፣ በባዶ ሆዴ፣ መዶሻ ይዤ የተከልኩትን ጠርሙስ ራሴ ነቀልኩ። ነቅዬ ሳልጨርስም እመቤቴን አሳሰብኳት፦ "አንቺ አይተሻል፣ እኔ ጠብቄ ነበር።" ከሦስት ሳምንት በኋላ ሆሳዕና ሆነ፤ ሰውዬው በዚያው በተላጨው ግንብ ዘሎ ገባ።

የሆሳዕና ዕለት የመጣችው ፖሊስ ወጣት ሴት ናት፣ ትሁት። በሩን አየች፣ ጻፈች፣ ከዚያ ጠየቀችኝ።

"ቤት የማይኖሩበትን ሰዓት የሚያውቅ ሰው አለ?"

"ሁሉም ሰው ያውቃል።"

"እንዴት?"

ሳስበው እኔም ገረመኝ። እሑድ እሑድ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከራስ ጠጉሬ እስከ እግሬ ነጭ ለብሼ ከቤት እወጣለሁ። መንገዱ ጭር ያለ ነው። ከወዲያኛው ጥግ የቆመ ሰው ሳይቀር ያየኛል። የምመለሰው ደግሞ ከቀትር በኋላ ነው። ይሄን ስነግራት "ሰዓቱን መቀያየር ይችላሉ?" አለችኝ።

"እኔ እችላለሁ፤ ቅዳሴው ግን አይችልም።"

ልጄ ሳህሉ የመጣው የዚያኑ ቀን ማታ ነው። አውቶቡስ ነው የሚነዳው፣ ከወንዝ ማዶ ኬኒንግተን ይኖራል። አዲስ መቀርቀሪያ ገዝቶ መጥቶ የኋላውን በር ከላይም ከታችም ቀረቀረው። ከዚያ ከኪሱ ፎርም አወጣ።

"እማዬ፣ ትራንስፈር አፕላይ እናድርግ፣ ቤት ይቀይሩልሽ። እኔ ያለሁበት ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ሊለቀቅ ነው። ኢንተርኮም አለው፣ ከላይ ካልከፈትሽለት ማንም አይገባም።"

"አምስተኛ ፎቅ ላይ ጎመን ይበቅላል?"

"ጎመን ገበያ ሞልቷል፣ እማዬ! ስለ ጎመን ነው እንዴ የምናወራው?"

ስለ ጎመን አልነበረም፣ ያውቀዋል። ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ቤት ነበረን። እሱ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። የቀበሌ ሰዎች ጠመንጃ ይዘው መጥተው በሁለት ቀን ልቀቁ አሉን። አባቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም፣ እኔም አልተነፈስኩም፤ ፍራሻችንን ተሸክመን ወጣን። ከዚያ ወዲህ ሱዳን፣ ካምፕ፣ ሆስቴል፣ የሰው ሶፋ። ይቺ ቤት የተሰጠችኝ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። የተሰጠችኝ ቀን ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው የተኛሁት።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለ ሳህሉ። "ሦስተኛ ጊዜ ቤቱ ከተደፈረ ትፈርሚያለሽ?"

ደክሞኝ ነበር። "እፈርማለሁ" አልኩት። ሞኝ ነኝ።

በማግስቱ ፖሊሷ የተወችልኝን ወረቀት ፊደል በፊደል እያነበብኩላት ታናሽ እህቱ ሰናይት በስልክ እየተረጎመች አብራራችልኝ። ከሁሉ ያስደሰተኝ አንድ መስመር ነው፦ በአጥር ላይ እሾሃም ተክል መትከል ይመከራል ይላል። ጠርሙስ ክልክል፣ እሾህ የተመከረ! ከሊልን ጠርቼ ከባቡር ሐዲዱ ዳር የበቀለውን እሾሃም የዱር እንጆሪ ከነሥሩ ቆፍረን አመጣን። ክንዳችን ተቧጨረ። የግንቡን ሥር ከዳር እስከ ዳር ተከልኩት፣ ጓሮዋ ላይም ሲረግጡት የሚንኮሻኮሽ ጠጠር አፈሰስኩ። ያ ክራባት ያሰረው ሰውዬ ይምጣና ይንቀለው አልኩ።

እሾህ ግን በአንድ ሳምንት አያድግም። ይሄን ለሰቢሃ ሳጫውታት ነው ሌላው ነገር የመጣው። እነሱም መጋቢት ላይ ተሰርቀዋል፣ አምባሯን ወስደውባታል። መቼ? ዓርብ፣ ሁለቱም ጁምዓ ሄደው።

"አየሽው?" አልኳት። "ያንቺን ዓርብ ያውቃል፣ የኔን እሑድ ያውቃል። የጸሎት ሰዓታችንን እንደ መምሬ አጥንቶታል።"

ሳቀች። ሰቢሃ ስትስቅ አፏን በሻርፗ ትሸፍናለች። "እኛ እኮ እትዬ ዓይናዲስ፣ በራችን ላይ ማስታወቂያ የለጠፍን ነን። እንዲህ እናድርግ፤ የእርስዎን እሑድ እኔ ልጠብቅ፣ የኔን ዓርብ እርስዎ ይጠብቁ።"

"ዓርብሽን ስጠብቅ አንቺ ጁምዓሽን አትቀሪም፣ እሑዴን ስትጠብቂ እኔ ቅዳሴዬን አልቀርም።"

"ሌባው ብቻ ነው የሚቀረው" አለች።

እንዲያ ጀመርን። እሑድ ንጋት የሱብሂ ሶላቷን ሰግዳ ሹራቧን ደርባ ትመጣለች፣ እኔ እወጣለሁ። ሥጋዬን እንደማትበላ አውቃለሁ፤ ሽሮ ሠርቼ አስቀምጥላታለሁ። ዓርብ እኔ በኋላ በሯ ገብቼ ማዕድ ቤቷ ውስጥ እቀመጣለሁ። እኔም ሥጋዋን ስለማልበላ የምታበላኝ ነገር አያስጨንቃትም፤ ዳቦና ሻይ ትተውልኛለች። መጋረጃውን ዘግቼ፣ መብራት ሳላበራ፣ ዳዊቴን እደግማለሁ። ከውጭ ለሚያይ ቤቱ ባዶ ነው።

ቤተክርስቲያን ውስጥ ወሬው ሲሰማ ፍቅርተማርያም፣ የማኅበራችን ሰው፣ ጠጋ ብላ "ሥዕለ አድኅኖ የተሰቀለበትን ቤት ለእስላም ትተሽ ትመጫለሽ አሉ?" አለችኝ።

"አዎ። እስከ ዛሬ ለሌባ ነበር ትቼው የምመጣው" አልኳት።

ነጠላዋን ስባ ሄደች። እኔም ስለ መለስኩላት ንስሐ መግባት አለብኝ፤ እስካሁን ግን አልገባሁም።

ሰኔ ላይ አንድ ዓርብ፣ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ የሰቢሃ ማዕድ ቤት ተቀምጫለሁ። ሻዩ ቀዝቅዟል። ከጓሮ በኩል ዱብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ የመስኮቱ እንጨት ተንቋቋ። የሰቢሃ መስኮት እንደ እንግሊዞቹ የድሮ ቤቶች ወደ ላይ ተስቦ የሚከፈት ነው። ከመጋረጃው ሥር መጀመሪያ ጣቶች ገቡ፣ መስኮቱ ወደ ላይ ሄደ፣ ከዚያ አንድ እግር ገባ፣ ነጭ ስኒከር ያደረገ፣ ከነጉልበቱ።

በስመ አብ አልኩና ተነሳሁ። ምንም አላሰብኩም። መስኮቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ እግዜር በሰጠኝ ክብደት በሙሉ ወደ ታች ተንጠለጠልኩበት።

ሰውዬው ጮኸ! እኔም ጮህኩ። እሱ በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛ። "ሌባ! ሌባ! አንተ ውሻ! ዛሬ ሰው አለ!" ላይኛው ፎቅ ያሉት አሮጊት እንግሊዛዊት መስኮታቸውን ከፍተው "ምንድነው?" ይላሉ። "ፖሊስ! ፖሊስ!" አልኳቸው። ይቺን ቃል ሁሉም ይረዳታል።

መጋረጃው በትግሉ ተቀዶ ወረደ፤ ፊት ለፊት ተያየን። አወቅኩት። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ራሱ የተመለጠ ሰው ነው። እሑድ ንጋት ንጋት የአውቶቡስ ፌርማታው አግዳሚ ላይ ቢራውን ይዞ ተቀምጦ፣ ነጭ ልብሴን ሲያይ "ደህና አደርሽ የኔ እመቤት፣ ለኔም ጸልዪልኝ" ይለኝ የነበረው ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ስሙን ስለማላውቅ "የፌርማታው ሰው" እያልኩ ጸልዬለታለሁ።

"አንተ ነህ?" አልኩት። "ጸልዪልኝ ብለኸኝ ጸለይኩልህ! እኔ ስጸልይልህ አንተ ቤቴን ትዘርፋለህ?"

"ሌዲ፣ እባክሽ፣ እግሬ" አለኝ።

"እግርህማ ምን ያደርጋል እዚህ?"

አንድ እጄን ልኬ ጫማውን ያዝኩ። እሱ ታግሎ እግሩን ሲነቅል ጫማው እጄ ላይ ቀረ። በግንቡ ዘሎ እያነከሰ ሄደ። ሩቅ አልሄደም፤ ፖሊሶቹ ትልቁ መንገድ ላይ አንድ ጫማ አድርጎ ሲያነክስ አገኙት። ምስክርነቴን የተቀበለው ፖሊስ "መትተሽዋል?" ብሎ ጠየቀኝ።

"አልመታሁም። መስኮት ዘጋሁ። መስኮት መዝጋትም ክልክል ነው?"

እስክሪብቶውን አቁሞ አየኝ። "አይደለም" አለ፣ ፈገግታውን እየዋጠ።

ሰቢሃ ስትመለስ አቅፋኝ አለቀሰች፣ ከሊል ጫማዬን ሊስም ምንም አልቀረውም። ሳህሉ ግን ቅዳሜ ማታ ፎርሙን ይዞ መጣ።

"ቢላ ቢይዝስ ኖሮ?" አለኝ። ፎርሙን ፊቴ ዘረጋው። "ቃል ገብተሽልኛል። ሦስተኛ ከተደፈረ እፈርማለሁ ብለሻል።"

"የኔ ቤት መች ተደፈረ? የተደፈረው የሰቢሃ ነው፣ የገባውም አንድ እግር ነው።"

"እማዬ፣ ቀልዱን ተይው። ለፍርድ ቤት ቀን ቀጥረው ለቀውታል። ሰምተሻል? ውጭ ነው። ነገ ጠዋት በዚያ መንገድ ብቻሽን ልትሄጂ ነው? ነገ ቤት ዋይ፣ ሰኞ እንፈርማለን።"

ይሄ ልጅ እንዲህ የሚለው ስለሚወደኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ አልተቆጣሁም። አጠገቤ አስቀመጥኩት።

"ተክለ ሃይማኖት ያለው ቤታችን ትዝ ይልሃል?"

"ትንሽ ትንሽ።"

"ያኔ ጠመንጃ ይዘው መጡ፣ ወጣሁ። እህትህን አዝዬ አንተን በእጄ ይዤ ነበር፣ ምን አደርጋለሁ? ዛሬ ግን የታዘለ ልጅ የለኝም። እግሩ በመስኮት የተያዘ ሰው ከቤቴ አያስወጣኝም፤ ከቅዳሴዬም አያስቀረኝም። ቃሌን አፍርሻለሁ በል፣ ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ። አልፈርምም።"

ተነሣ። ፎርሙን ጠረጴዛ ላይ ትቶት ሄደ።

እሑድ ሰቢሃ እንደ ልማዷ መጣች። ነጠላዬን አጣፍቼ ስወጣ ሳህሉ በር ላይ መኪናውን ተደግፎ ቆሟል፣ ዓይኑ እንቅልፍ አላየም።

"ግቢ፣ ላድርስሽ" አለኝ።

"ሁልጊዜ በአውቶቡስ ነው የምሄደው። ዛሬም በአውቶቡስ ነው።"

"እማዬ…"

"ከፈለግክ አብረኸኝ ተራመድ።"

መኪናውን ቆልፎ አብሮኝ ተራመደ። የሰኔ ንጋት ነው፣ ብርሃኑ ወጥቷል። ፌርማታው ጋ ስንደርስ አየሁት፤ ሌባው አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። የያዝኩት የሳህሉ ክንድ ሲጠነክር ተሰማኝ። ክንዱን ለቀቅኩና ሄጄ ከሰውዬው አጠገብ፣ እዚያው አግዳሚ ላይ፣ ነጠላዬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። በልቤ ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ።

"ደህና አደርክ" አልኩት።

ቀና አለ። እኔን አየ፣ ሳህሉን አየ፣ ተነሣና እያነከሰ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ። ወደ ኋላ አልዞረም።

"እሱ ነው?" አለ ሳህሉ።

"እሱ ነው።"

አጠገቤ ተቀመጠ። አውቶቡሱ ከሩቅ ብቅ አለ።

"ሰቢሃ አንድ እሑድ ባይመቻት" አለኝ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳደረገ፣ "ንገሪኝ። ሺፍቴን እቀይራለሁ።"

"ሽሮ ነው የማስቀምጥልህ" አልኩት።

"ጎመኑንም ጨምሪበት።"

እጄን ዘረጋሁና አውቶቡሱን አስቆምኩት።