የካድሬው ሁለት መሳቢያ

በሐይቅ ዳር የአምራቾች ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ብርቱካን በሰበሰ። ይህ እንኳ አዲስ አይደለም፤ ከዛፉ የወረደ ብርቱካን አንድ ቀን መበስበሱ አይቀርም። አዲሱ ነገር ወንጀለኛ የተገኘለት መሆኑ ነው፤ የመጋዘኑ ኃላፊ ኑርሁሴን።

«የሻጋታውን መድኃኒት በውሃ አቅጥነኸዋል» አለው ካድሬው ጓድ ሙላት፣ የክሱን ወረቀት በመዳፉ እየዳበሰ። «የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። ደሴ ትላካለህ።»

ደሴ የተላከ ሰው መቼ እንደሚመለስ ኑርሁሴን ያውቃል። አይመለስም።

«ወላሂ አልቀጠነም፣ ጓድ። ሻጋታው ለምዶት ነው። አራት ዓመት ያንኑ አንድ መድኃኒት ስንግተው የሞተው ሞተ፣ ያልሞተው ወለደ። የበሰበሰውን እንቅበረው ብዬ ስንቴ ለመንኩ? እርስዎ ‹ማስረጃ ነው፣ እንዳይነካ› ብለው መጋዘኑ በር ላይ አስከመሩት። የሚራባው እዚያ ነው።»

«ሻጋታ ደግሞ የት ተምሮ ነው የሚላመደው?»

«ትኋንስ የት ተምራ? ቤትዎ ዲዲቲ ስንቴ ተነፋ? አለቀች?»

ሙላት ሳያስበው አንገቱን አከከ። ኑርሁሴን ይህን አይቶ ደፈረ። «እንግዲያው በእጅዎ ይሞክሩት።»

ጓድ ሙላት መድኃኒቱን ካልተከፈተ ጣሳ ራሱ ቀዳ፣ ራሱ ለካ፣ ራሱ በጠበጠ። ሁለት ብርቱካን፣ ሻጋታው መግቢያ እንዲያገኝ፣ በመርፌ ወግቶ መድኃኒቱ ውስጥ ነከረ። አንዱን የመጋዘኑን ሻጋታ ቀባው፤ ሌላውን ደግሞ መድኃኒት አይቶ የማያውቅ፣ ከኑርሁሴን ሚስት ከፈዲላ ጓሮ የመጣ ሻጋታ። ለየብቻ ጠቅልሎ በሁለት መሳቢያ ቆለፈባቸው፤ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። ኑርሁሴንንም ከቢሮው ጀርባ ባለው ክፍል ቆለፈበት፤ በቁልፍ የማይሰስት ሰው ነው።

በሰባተኛው ቀን አስወጣውና መሳቢያዎቹን ፊቱ ከፈታቸው። የጓሮውን ሻጋታ የተቀባው ብርቱካን እንደ ተነከረ ያበራል። የመጋዘኑን የተቀባው እንደ ሚሊሻ አረንጓዴ ለብሶ ተቀምጧል።

«ነካክተኸዋል» አለ ሙላት።

«ቁልፉ አንገትዎ ላይ ነው፣ ጓድ። እኔም ታስሬ ነበር። ክሱ ‹ብርቱካኑ ከበሰበሰ መድኃኒቱን የበጠበጠው ይጠየቅ› ይላል። የዚህንስ መድኃኒት ማን በጠበጠው?»

ሙላት የክሱን ወረቀት አራት ቦታ ቀደደው።

«አካፋ ያዝና ክምሩን ቅበር። ብቻህን። የሚያግዝህ ካየሁ አብሬ አስቀብረዋለሁ።»

ከመስከረም ጀምሮ የለመነው ይኸው ነበር። ኑርሁሴን ግን ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይነበብ አቀርቅሮ ወጣ።

መሬቱ ደረቅ ነበር። ኑርሁሴን ቀና ባለ ቁጥር ካድሬው በመስኮቱ ቆሞ አንገቱን እያከከ ያያል፤ ክምሩን ግን አይደለም። አንዴ ጉድጓዱን፣ አንዴ የኑርሁሴንን ቁመት።