የኮራሎቹ ጉርሻ

ጥበቡ ከሞተ ወዲህ ሰርካዲስ ብቻዋን መብላት አቃታት።

ብቸኝነት ለእሷ አዲስ አልነበረም። ባሏ ዕድሜውን የፈጀው በመርከብ መካኒክነት ነው። እሱ ከወደብ ወደብ ሲዞር እሷ ሚዛን ተፈሪ ተቀምጣ ለወራት ብቻዋን በልታ ብቻዋን ታድር ነበር። ልጅም አልሰጣቸውም። ያኔ ግን የሚመለስ ሰው ስለምትጠብቅ እህል አንቋት አያውቅም።

ጥበቡ ጡረታ ሲወጣ ባሕሩን ራሱን ይዞ ቤት ገባ። ሳሎኑ ውስጥ አንዱን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ አሠራ። የመርከብ ጓደኛው አሕመዲን አዲስ አበባ የዓሣ መሸጫ ሱቅ ከፍቶ ስለነበር፣ አበባ የሚመስሉ የባሕር ኮራሎችንና ሁለት ብርቱካናማ ዓሦችን በራሱ መኪና ጭኖ መጣ። እነሱ ቤት እያደረ፣ ሁለቱ ጓደኛሞች እየተሳሳቁ ገንዳውን አቋቋሙት። ጎረቤት ሊያይ መጥቶ «አቤት አበባው ሲያምር!» ያለ እንደሆነ ጥበቡ ይቆጣል።

«አበባ አይደለም! እንስሳ ነው። ይኸው አፉ፣ ይኸው እጁ!»

ሰርካዲስ በዚህ ሁሉ ስትስቅ ኖረች። ገንዳውን የእሱ ጣጣ አድርጋ ነበር የምታየው። ባለፈው ክረምት ግን ጥበቡ ልቡን አለና ሳይውል ሳያድር አረፈ። ድንኳኑ ተነቀለ፤ አርባው ወጣ፤ ሰውም ወደየጉዳዩ ተመለሰ። ቤቱ ውስጥ የቀረው ድምፅ የገንዳው ፓምፕ ብቻ ሆነ።

እሱ ሲያደርግ ያየችውን ሁሉ ማድረግ ጀመረች። ጠዋት ጠዋት የውሃውን ሙቀት ታያለች። የተነነውን በተጣራ ውሃ ትተካለች። በየሳምንቱ ጥቂቱን ቀድታ አውጥታ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚላከውን ጨው በጥብጣ ትጨምራለች። መብራት ሲጠፋ፣ መብራት ደግሞ ሳይጠፋ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው፣ ፓምፑን ወደ ባትሪው ታዞራለች። በዚህ በዚህ እንከን አልነበራትም።

አንድ ቀን ምሳዋን ይዛ ገንዳው ፊት ተቀመጠች። የመጀመሪያዋ ጉርሻ ጉሮሮዋ ላይ ቆመች። ሳህኑን አስቀምጣ ተነሣችና ከዓሦቹ ምግብ ቆንጠር አድርጋ ውሃው ላይ በተነችው። ዓሦቹ ተሻሙ። ከእነሱ የተረፈው ብናኝ ቀስ እያለ ሲወርድ ኮራሎቹ ላይ አረፈ። እንደ ክር የቀጠኑት እጆች አንድ በአንድ ተጠቀለሉና ብናኙን ወደ አፋቸው ወሰዱት።

«በሞቴ!» አለች፣ ሳታስበው።

ከዚያ በኋላ ምሳዋ ወረደላት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ማዕድ በቀረበ ቁጥር ለእነሱም ይቀርባል። ቁርስ ላይ፣ ምሳ ላይ፣ እራት ላይ። ሆድ ሲብሳት ደግሞ በመሃልም። እሷ አንድ ስትጎርስ እነሱን አንድ ታጎርሳለች። ያየ ሰው ስላልነበረ የታዘባትም አልነበረም።

በጋው ሳይጋመስ ገንዳው መልኩን ለወጠ። ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ እንደሚይዘው ያለ አረንጓዴ ልጋግ ድንጋዮቹን አለበሳቸው። ሐምራዊው ኮራል ጠቆረ፤ ቡናማ ሆነ። ጥበቡ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው፣ የሰው መዳፍ የመሰለው ደግሞ ጣቶቹን አጥፎ መዘርጋት ተወ። ሰርካዲስ የታመመን ሰው እንደምታስታምም ሁሉ ምግብ ጨመረችለት። ባሰበት።

በመጨረሻ አሕመዲን ጋ ደወለች።

«ወንድሜ፣ የጥበቡ ኮራሎች ሊያልቁብኝ ነው» አለችው።

«አይዞሽ እህቴ። በአንድ ቀን አይሞቱም። ሙቀቱስ?»

ነገረችው።

«ጥሩ ነው። ጨውስ?»

«እንደ ድሮው ነው።»

«እንግዲያው ውሃውን እንመርምረው። ጥበቡ የመመርመሪያ ጠብታ ያላት ትንሽ ብልቃጥ ነበረችው፤ ፈልጊያት።»

ከመሳቢያ ውስጥ አገኘቻት። ስልኩን ጉንጯና ትከሻዋ መሃል ይዛ፣ እሱ እንዳላት ውሃ ቀድታ ጠብታውን ጨመረችበት። ፈዘዝ ያለ ሮዝ መሆን የነበረበት ውሃ ደም መሰለ። ነገረችው።

«ይህ የምግብ ቆሻሻ ነው። በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትሰጫቸው?»

«አንዴ» አለች።

«አንዴ ከሆነ እንዲህ አይሆንም።»

ሰርካዲስ ወደ ገንዳው አየች። ከዓሦቹ አንዱ ወደ እሷ መጥቶ መስታወቱ ጋ አፉን ይከፍትና ይዘጋል። ሰው ባየ ቁጥር የሚሰጠው ነገር ስላለ ለምዷል።

«ዋሸሁህ» አለችው። «እኔ በበላሁ ቁጥር እሰጣቸዋለሁ። ብቻዬን መብላት አቅቶኝ ነው፣ ወንድሜ። እህሉ አልወርድ ብሎኝ ነው።»

ከአሕመዲን በስተጀርባ የሱቁ ፓምፖች ሲንፎለፎሉ ይሰማታል። እሱም በለሰለሰ ድምፅ፦

«ምንም አይደለም» አላት። «ግን ስሚኝ። ኮራሎቹ በአብዛኛው የሚኖሩት በብርሃኑ ነው። ከሰጠሻቸው ውስጥ የበሉት ትንሽ ነው፤ የቀረው ታች ወርዶ ይበሰብሳል። ልጋጉ የሚፋፋው በእሱ ነው። ለዓሦቹ በቀን አንዲት ቁንጣሪ ይበቃል። ለኮራሎቹ ለጊዜው ምንም አትስጪ። ልጋጉን በጥርስ ብሩሽ ፈትጊ፤ ውሃውንም ጥቂት ጥቂት እያልሽ ቀይሪ። አንዴ ገልብጠሽ ከለወጥሽው ይደነግጣሉ።»

«ሳልሰጣቸው ስበላ ሲያዩኝስ?»

«አያዩሽም፣ እህቴ» አላት። «ኮራል ዓይን የለውም።»

ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ውሃው ውስጥ አስገብታ መፈተግ ጀመረች።

ሳህኗን ይዛ ሳሎን መግባት አቆመች። ማድ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ከግድግዳው ጋር ተፋጥጣ ትበላለች። አንዳንድ ቀን ሦስቴ ጎርሳ ትተወዋለች። ክብደቷም ቀነሰ። ውሃው ግን ሳምንት በሳምንት እየጠራ መጣ። መዳፍ የመሰለው ኮራል አልዳነም። ሥጋው እየተገሸለጠ ሄዶ ነጭ አጥንቱ ብቻ ቀረ። ከውሃው ስታወጣው እንደ ለቅሶው ጊዜ ጮኻ አላለቀሰችም፤ እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ እንጂ።

ጎረቤቷ አስካለች ከአጥሩ ወዲያ የተሰጣ ቡና ስታገላብጥ ባየቻት ቁጥር «እትዬ ሰርካዲስ፣ እኛም ጋ ብቅ ይበሉ እንጂ» ትላታለች። ሰርካዲስ ሁልጊዜ «እሺ፣ እመጣለሁ» ብላ ታልፋለች። አንድ እሑድ የሠራችውን ሽሮ ሸፍና ይዛ ሄደች። በሩ ተቆልፏል። ለካ ቤተሰቡ በሙሉ ለሠርግ ቴፒ ወርዷል። ሰው እንዳያያት እየተሳቀቀች ተመለሰችና ሽሮውን ሳትቀምሰው አሳደረችው።

እንደገና ለመሄድ ብዙ አቅማማች። በመጨረሻ አንድ ቀትር ላይ ባዶ እጇን ሄደች። ቤተሰቡ ማዕድ ላይ ነበር፤ በቤንችኛ ሲንጫጩ ከደጅ ሰማቻቸው። ስትገባ ሁሉም ወደ አማርኛ ተመለሱ፤ ጨዋታው ግን ቀዘቀዘ። ሰርካዲስ እንግድነቷ ተሰማትና የመጣችበትን ረገመች። አስካለች ተነሥታ ቦታ ለቀቀችላት። ባልዬው በአጭሩ ጸለየ፤ እሷም በልቧ አማተበች።

«ጎመኑን ይቅመሱ» አለቻት አስካለች፣ ከተቀቀለው ጎደሬ ጋር እያቀረበችላት። «ረቡዕ አይደል? በዘይት ነው የሠራሁት።»

«ዛሬ እመጣለሁ ብዬ መቼ ነገርኩሽ?»

«አልነገሩኝም። ረቡዕ ረቡዕ እኛ ባንጾምም በዘይት ነው የምሠራው፤ ምናልባት ብቅ ካሉ ብዬ።»

ሰርካዲስ የቀረበላትን ሁሉ ጨርሳ በላች።

ቤቷ ስትመለስ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላለች። መልኩ የተመለሰለት ሐምራዊው ኮራል እጆቹን ሁሉ ዘርግቶ ውሃው በወሰደው በኩል ይወዛወዛል። ከገንዳው ፊት ቆማ አየችው። ከዚያ የመብራት ባለሥልጣን መብራት አጥፍቶ ሳይቀድማት ብላ የባትሪውን ገመድ ልትፈትሽ ጎንበስ አለች።