የዘይኑዲን ኩሬ

ዘይኑዲን ቁጭ ማለት አይሆንለትም። ጭሮ ገበያ ውስጥ ባለችው የጨርቅ ሱቁ ደንበኛ የሚያስተናግደው ቆሞ፣ ሻይ የሚጠጣው ቆሞ፣ ስልክ የሚያወራው ወዲያ ወዲህ እያለ ነው። ሚስቱ ሰዓዲያ «እናትህ አንተን የወለደችህ እየሮጠች መሆን አለበት» ትለዋለች። እንግዲህ ዓሣ ጠባቂ የሆነው ይሄ ሰው ነው።

ነገሩ የመጣው በእናቱ በኡምኩልሱም ነው። አሮጊቷ እግራቸው ከደከመ ወዲህ ከግቢ አይወጡም። የቀራቸው ደስታ ከሰዓት በኋላ የሚቅሟት ጫት ብቻ ነበረች። እሷንም መሰላ ወረዳ የሚኖረው የዘይኑዲን የልጅነት ጓደኛ ጃዕፈር ከራሱ ማሳ ቆርጦ ይልክላቸዋል። ጥርስ ስለሌላቸው ሰዓዲያ በሙቀጫ ትወቅጥላቸውና በኩባያ ትሰጣቸዋለች። ከዚያ በቀር ውሏቸው በረንዳው ፍራሽ ላይ ተደግፈው ግድግዳ ማየት ሆነ። ልጃቸው ይሄን አይቶ አንጀቱ አልቻለም። ግቢው ውስጥ ኩሬ አስቆፈረ፣ በሲሚንቶ አስለሰነ፣ ኮይ የሚባሉትን የጃፓን ዓሦች ከአዳማ አስመጣ፤ ነጭ፣ ዝንጉርጉር፣ አንድ ደግሞ እንደ በርበሬ የቀላ። ጎረቤቱ «የማይበላ ዓሣ!» እያለ ሳቀበት። እናቱ ግን ፍራሻቸውን ወደ ኩሬው አስጠጉ።

«ቀዩ ሲዋኝ ልቤ ይረጋል» አሉ።

ዘይኑዲን ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ከስልኩ ቪዲዮ እያየ የኩሬ ውሃ አያያዝ ተማረ። ቧንቧው በፈረቃ በመጣ ቁጥር በርሜል ሞልቶ ፀሐይ ላይ ያቆየዋል፤ ክሎሪኑ ሳይወጣለት ጠብታ ወደ ኩሬው አይገባም። ውሃውን ሙልጭ አድርጎ አይደፋም፤ ጥቂት ይቀዳል፣ ጥቂት ይተካል። የማጣሪያውን ስፖንጅ የሚያጥበው በቧንቧ ሳይሆን ከኩሬው በቀዳው ውሃ ነው፤ ቆሻሻውን የሚበሉት ደቃቅ ነፍሳት እንዳያልቁ። ዓሦቹ ያስተረፉትን መኖ በወንፊት ይለቅማል። በመጨረሻ ከሥሩ ያለው ጠጠር እስኪታይ ውሃው ጠራ። «እኛ ከምንጠጣው ይሻላል» እያለ ለእንግዳ ሁሉ ያሳይ ጀመር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ምክንያቱም ዓሦቹ እንዲያ በጠራ ውሃ ውስጥ ይታመሙ ነበር። ጠዋት ደህና ይውሉና ከሰዓት በኋላ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ በጎናቸው ይጋደማሉ። ነጩ ሞተ። ዝንጉርጉሩ ተከተለ። በዚያው ሰሞን ኡምኩልሱምም ከሰዓት በኋላ ላብ ያጠምቃቸው፣ አፋቸው ምራቅ ይሞላ፣ ሆዳቸውን ይቆርጣቸው ጀመር። ሐኪሙ «ዕድሜ ነው» አላቸው። ዘይኑዲን ግን የራሱ ምርመራ ነበረው፤ እናቱ የታመሙት ለዓሦቹ አዝነው ነው። ቀዩ ከሞተ እሳቸውም አይሰነብቱም። ይሄ ሐሳብ አንዴ ከገባበት በኋላ እንቅልፍ አጣ።

አንድ ሰሞን ብቻ፣ ጃዕፈር ለእህቱ ሠርግ መቻራ ሄዶ ጫት ሳይልክ በሰነበተ ጊዜ፣ ቤቱ ሰላም አገኘ። ዓሣውም ደህና፣ እናትም ደህና። ዘይኑዲን በዚያ ሳምንት ስፖንጅ ለውጦ ስለነበር ምስጋናውን ሁሉ ለስፖንጁ ሰጠ። ጃዕፈር ሲመለስ በሽታውም ተመለሰ።

አሁን የሚጠረጥረው በዛ። የሰዓዲያን የልብስ ሳሙና ከግቢ አስወጣ። የጎረቤቱን ድመት በድንጋይ አባረረ። ቁራ ባየ ቁጥር ያጨበጭባል።

«እኔንም አባርረኝና ይለይልህ!» አለች ሰዓዲያ።

በመጨረሻ የሱቁን ቁልፍ ለወንድሙ ሰጥቶ ወንበር ይዞ ኩሬው ዳር ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ እጠብቃለሁ፣ የሚመርዝብኝን እይዛለሁ አለ። እግሩ መሬቱን ይመታል፣ እሱ ግን አልተነሳም። ሳሙና አልመጣም፣ ድመት አልመጣም። ቀዩ ረጋ ብሎ ይዞራል፤ ኡምኩልሱም ፍራሻቸው ላይ ሆነው ያዩታል።

ከሰዓት በኋላ ጫቱ ከመሰላ ደረሰ። ዘይኑዲን ተነሳ። ለእናቱ የሚቀርበውን ሁሌም የሚያጥበው ራሱ ነው፤ ደግሞ በግቢው ውስጥ ከኩሬው የጠራ ውሃ የት ይገኛል? እንደ ልማዱ እስሩን ኩሬው ጥግ ነከር አደረገ፣ አራገፈ፣ ለሰዓዲያ ሰጥቶ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ብዙም ሳይቆይ ቀዩ ወደ ላይ ወጣ። ጫቱ በተነከረበት ጥግ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ በጎኑ ተጋደመ።

ዘይኑዲን ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ መልሶ ተነሳ። ከጠዋት ጀምሮ ከእሱ እጅ በቀር ኩሬውን የነካ የለም። እጁን አሸተተው። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

«ጃዕፈር፣ ጫቱ ላይ ምን ረጭተሃል?»

«ሰላምታ አይቀድምም እንዴ?» ሳቀ ጃዕፈር። «የተባይ መድኃኒት ነዋ። ትሉ መች ፋታ ሰጠን?»

«የአዮንም ትረጫለህ?» አዮ የሚሏቸው ኡምኩልሱምን ነው፤ እናት ማለት ነው በኦሮምኛ።

«የአዮንማ ለብቻው፣ ከሌላው አብልጬ ነው የምረጨው! ትናንትም ደግሜለታለሁ። ትል የበሳው ቅጠል ለአዮ ልላክላት? ወላሂ አላደርገውም!»

ዘይኑዲን ስልኩን ዘጋ። ከጓዳ ይሰማ የነበረው የሙቀጫ ድምፅ መቆሙን ያስተዋለው ያኔ ነው።

ሮጠ። እናቱ ኩባያውን ይዘዋል፣ ከንፈራቸው አረንጓዴ ሆኗል።

«ትፊው! አዮ፣ ትፊው!»

«ማል ታቴ? ምን ሆንክ አንተ ልጅ?»

ኩባያውን ነጥቆ ወረወረው። ከበርሜሉ፣ ለዓሦቹ ብሎ ፀሐይ ላይ ካቆየው ውሃ፣ በጣሳ ቀድቶ አፋቸውን አጠበ፤ ደግሞ ቀዳ፣ ደግሞ አጠበ። ሰዓዲያ ባጃጅ ልትጠራ ወጣች። ያን ሁሉ ጊዜ ውሃ ሲያጠራ ኖሮ ቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ሊጥል ነበር፤ ይሄ ሲገባው አለቀሰ፣ እንባውንም አልደበቀም።

ሆስፒታል ጉሉኮስ ተተከለላቸው፣ መርፌ ተወጉ። ዶክተሯ «በጊዜ መጥታችኋል» አለች። ዘይኑዲን ግን በር ላይ ይመላለሳል፣ ይገባል፣ ይወጣል። ኡምኩልሱም ትንሽ ሲሻላቸው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ቀዩስ?»

«ሞተ፣ አዮ።»

«የሚመርዛቸውን ያዝከው?» አሉ።

«ያዝኩት።»

«ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ዘይኑዲን። «እነሱንም አንቺንም። በእነዚህ እጆቼ፣ መድኃኒት ያለበትን ጫት ኩሬው ውስጥ አጥቤ፣ ላንቺ አቅርቤ።»

አሮጊቷ ሁለቱን እጆቹን አዩዋቸው። ጉሉኮስ ባልተተከለበት እጃቸው አንዱን ያዙት።

«እንግዲያ አሁን ቁጭ በል» አሉት።

ቁጭ አለ።