ሰባት ወራጅ

ሰሎሜ ሰባትን አጥፍታ አስራ አንድ ጻፈችና ቁልፉን ተጫነች። ስክሪኑ ላይ ያለው ጣሪያ አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ተመልሶ ሲመጣ ቆርቆሮውን የሚሸከሙት ወራጆች ተጠጋግተው ተደርድረዋል። ከኋላዋ የቆመው የቢሮው ባለቤት ጌድዮን ጎንበስ ብሎ በጣቱ ቆጠራቸው።

"አስራ አንድ፤" አለ። "በመሐላቸው ስንት አለ?"

"ሜትር ከሃያ።"

"ጎሽ። አሁን ቀኑን የጃንዋሪ አድርጊውና አትሚ።"

ሰሎሜ ሰዓቱን አየች። ጣሪያውን አስተካክሎ ለመሥራት የፈጀባት አስራ ስምንት ደቂቃ ነው። ያኔ በጃንዋሪ እነዚህን አስራ ስምንት ደቂቃዎች ለሥራው ብትሰጠው ኖሮ ሰሊም ዛሬ ቆርቆሮ እየመታ ይዘፍን ነበር። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ምግብ አልወርድ ብሏታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ ሆቴሉ ቦጋለ አምና ያሠራው መጋዘን ሰባት ሜትር ከሃያ ነበር፤ ጣሪያውን የነደፈችው ሰሎሜ ናት፤ ሰባት ወራጅ ነበረው፤ በቂ ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ቦጋለ አዳራሽ አማረው። "እንደ መጋዘኑ አድርጊልኝ፤ ረዘም ይበል እንጂ። ውሃው ደግሞ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ይፍሰስልኝ፤ ጠብታ እንዳይባክንብኝ" አላት። በኬንያው ሞያሌ ዝናብ በእንግድነት ነው የሚመጣው፤ ጣሪያ የሚሠራ ሰው ከጥላው በፊት የሚያስበው የውሃ ጋኑን ነው። ሰሎሜም የመጋዘኑን ፋይል ከፍታ የጣሪያውን ጫፍ ያዘችና እስከ አስራ ሁለት ሜትር ጎተተችው። ፕሮግራሙ ታዛዥ ነው። መጀመሪያ "ሰባት፣ እኩል ተከፋፍለው" ተብሎ ስለታዘዘ፣ ሰባቱን ወራጆች በአስራ ሁለት ሜትር ላይ እኩል አከፋፈላቸው። በአንዱና በሌላው መካከል ሁለት ሜትር ሆነ። ከላይ በቆርቆሮ የተሸፈነውን ምስል አየች፤ አማረባት። ቆርቆሮውን ገልጣ ከስሩ አላየችም። ስክሪን ላይ ደግሞ ነፋስ የለም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ነበረ። ከቆላው ተነሥቶ አዋራውን እየጠረገ መጣና ገና ግማሹ ተመቶ ያላለቀውን ቆርቆሮ ከነወራጁ አነሣው፤ መልሶም አጠፈው። ሰሊም ላዩ ላይ ነበር። ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተ። የግንባታው ኃላፊ አናጺ፣ በአገሩ አጠራር ፉንዲው አሬሮ፣ በዚያው ምሽት ታሰረ። ሰሊም የአሬሮ ልጅ የኑርሀን ባል ነው።

"ጋሼ፣" አለች ሰሎሜ፣ ማተሚያው እየጮኸ ወረቀቱን ሲተፋ፣ "አሬሮ ደውሎልኝ ነበር እኮ።"

"ነግረሽኛል።"

"'ሰባት ነው እንዴ? ሰፋብኝ' አለኝ። ፋይሉን እንኳ አልከፈትኩም። 'ወረቀቱን ይከተሉ፤ ስንት ጊዜ ልንገርዎ' ብዬ ዘጋሁበት።"

ጌድዮን ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም። አባቷ ሲሞት ናይሮቢ ልኮ ያስተማራት እሱ ነው፤ እናቷ ዘርፌ ስትታመም በራሱ መኪና ወስዶ ያሳከማት እሱ ነው። ሰሎሜ ጋሼ የምትለው ከልቧ ነው።

"ስሚኝ፤" አላት። "የፉንዲ ስህተት አደጋ ይባላል። የእኛ ስህተት ወንጀል ይባላል። አሬሮ የአገር ልጅ ነው፤ የጎሳ ሽማግሌዎቹ ይቀመጡለታል፤ ከብት ተቆጥሮ ይታረቃል፣ ይፈታል። አንቺን ግን ማን ይቀመጥልሻል? የመኖሪያ ወረቀትሽን ቀምተው ድንበሩን ያሻግሩሻል፤ ያውም ከታሰርሽ በኋላ። እናትሽስ?"

"እሱ ግን አላጠፋም።"

"ሰሊምም አላጠፋም። ግን ሞቷል።" መሳቢያውን መታ መታ አደረገው። ከፍርስራሹ መሐል የሰበሰበው አሮጌው ንድፍ፣ ሰባት የሚለው፣ እዚያ ውስጥ ተቆልፎበታል። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማሽም? ወረቀቱ ምን እንደሚይዝ የምንወስነው ዛሬ ነው። የካውንቲው አስተዳደር መርማሪ በአስር ሰዓት ይመጣል። አሬሮ ንድፉን ተረክቤያለሁ ብሎ ግርጌው ላይ ይፈርምልሽ። ያምንሻል፤ ለሌላ ሰው አይፈርምም።"

ሰሎሜ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እምቢ ማለት ነበረባት፤ አላለችም። ፈርታለች።

ፖሊስ ጣቢያው አጥር ስር፣ የግራር ጥላ ውስጥ፣ ኑርሀን ተቀምጣ ነበር። ሕፃን ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታለች፤ አጠገቧ በጨርቅ የታሰረ የምግብ ሳህን አለ። ሰሎሜ በሌላ በኩል ዞራ ልታልፍ ፈለገች፤ ግን ኑርሀን አየቻት።

"ሰሎሜ፣ ነይ።"

"ኑርሀን... እግዚአብሔር ያጽናሽ። ፖሌ ሳና።"

"ምግብ ይዤለት መጣሁ። ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነኝ።" ድምጿ ደርቋል፤ ለቅሶው ጨርሶታል። "እናቴ 'አባትሽ ነው፣ ሂጂ' አለችኝ። የሰሊም ወንድሞች ደግሞ ሄደሽ ብታበይው ወደዚህ እንዳትመለሺ አሉኝ። እግሬ እምቢ አለኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አንቺ ታውቂያለሽ።"

ሰሎሜ የምትጠየቀውን አወቀች።

"አባቴ እንጨት ቀነሰ ይላሉ። እንጨቱን ሊሸጥ ነው ይላሉ። ወረቀቱ ስንት ነበር የሚለው?"

ሕፃኑ ተገላብጦ አፉን ከፈተና መልሶ ተኛ። ሰሎሜ ዓይኗን ሕፃኑ ላይ ጣለች።

"አስራ አንድ፤" አለች።

"እሱ የሠራውስ?"

"ሰባት።"

ኑርሀን ተነሣች። ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላ ነጠላዋን አጠበቀች። የምግቡን ሳህን አንሥታ አንድ እርምጃ ወደ ጣቢያው በር ሄደች፤ ቆመች፤ ዞረችና በመጣችበት መንገድ ሄደች። ሰሎሜ እስክትሰወር ድረስ አየቻት። ውሸት እንዲህ ቀላል ነው ብላ አስባ አታውቅም ነበር፤ አንዲት ቁጥር ናት፤ ከአፍ ለመውጣት ትንፋሽ አትጨርስም።

በር ላይ ያለው ፖሊስ፣ አስካሪው፣ ስሟን መዝግቦ "ዳኪካ ኩሚ" አላት። አስር ደቂቃ መሆኑ ነው። አሬሮን ወደ መተላለፊያው አውጥቶ አግዳሚው ላይ አስቀመጠላትና ወደ ሬዲዮው ተመለሰ። የሽማግሌውን ጫማ ወስደውበታል። ሽርጡ ላይ እስካሁን የደረቀ ደም አለ፤ የሰሊም ነው።

"አባ ኑርሀን፣" አለች ሰሎሜ። ሠፈሩ ሁሉ በልጁ ስም ነው የሚጠራው። ዛሬ ግን ስሙ አፏ ላይ ከበዳት። "እንዴት ሆኑ?"

"አለሁ። ኑርሀን ደህና ናት? መጣች?"

"... ደህና ናት።"

"አልመጣችም።" ራሱን ነቀነቀ። "እውነቷን ነው። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አልመጣም ነበር። ልጄ፣ ወረቀቱን ይዘሻል? እስቲ አሳዪኝ።"

ወረቀቱን ዘርግታ ጉልበቱ ላይ አደረገችለት። አሬሮ ወደ ዓይኑ አቀረበው፣ አራቀው፣ ከዚያ ወፍራም ጣቱን በእያንዳንዱ መስመር ላይ እያሳረፈ በራሱ ቋንቋ ቆጠረ። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ። አስራ አንድ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። አሁንም አስራ አንድ ነው።

"ኩዳ ቶኮ፤" አለ በሹክሹክታ። "አስራ አንድ። እኔ ሰባት ነው ያየሁት። ሰባት ነበር የሚመስለኝ።" ዓይኑን በመዳፉ ጀርባ አሸ። "ዓይኔ ነዋ። ኑርሀን ሐኪም ቤት ሂድ፣ ዓይንህ ደክሟል ትለኝ ነበር። 'ሥራው ይለቅ' እላት ነበር።"

ሰሎሜ የወረቀቱን ጥግ አቃናች።

"ደግሞ ደውዬልሽ ነበር መሰለኝ። ሰፋብኝ ያልኩሽ ይመስለኛል።" ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኖቹ ውስጥ ተንኮል የሚባል ነገር አልነበረም፤ እርዳታ እየለመነ ነበር። "አልደወልኩም እንዴ? ሁለት ቀን ሙሉ አልተኛሁም፤ ሕልምና እውኑ ተቀላቀለብኝ። አንቺ ንገሪኝ። ደውያለሁ? አልደወልኩም?"

አሬሮ ዝምታዋን እንደ መልስ ወሰደው።

"እህ። አልደወልኩም። እንግዲህ እኔ ነኝ የገደልኩት። ሰሊም ነፋስ አለ ብሎኝ ነበር፤ ሦስት ቆርቆሮ ነው የቀረው፣ ውጣ፣ ጨርስ ያልኩት እኔ ነኝ።" እጁን ዘረጋ። "የት ልፈርም? ስጪኝ እስክሪብቶውን።"

ሰጠችው። እጇ ሲሰጠው አየችው፤ የሌላ ሰው እጅ መሰላት። አሬሮ ወረቀቱን አግዳሚው ላይ አድርጎ ተንበረከከ። መጻፍ የተማረው በስተርጅና ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ምስማር ለይቶ ነው የሚመታው። የመጀመሪያውን ፊደል ጨረሰ። ሁለተኛውን ጀመረ። ላብ ከግንባሩ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለና ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው በእጅጌው ጠረገው።

ሰሎሜ መዳፏን ወረቀቱ ላይ አኖረች።

"አይፈርሙ።"

"ምነው? ተሳሳትኩ?"

"አልተሳሳቱም። ሰባት ነበር። ይሄንን ዛሬ ጠዋት ነው የሠራሁት።" አንዴ ከወጣ በኋላ ሌላው ተከታትሎ መጣ። "ደውለውልኛል። ሰፋብኝ ብለውኛል። ፋይሉን ሳልከፍት ወረቀቱን ይከተሉ ያልኩዎት እኔ ነኝ። አሮጌው ወረቀት ቢሮ ተቆልፎበታል፤ ፋይሉ ግን ስልኬ ላይ አለ። ቁጥሩን ሳልቀይር የቀረሁት እኔ ነኝ።"

አሬሮ እንደተንበረከከ ቀረ። የአስካሪው ሬዲዮ ይንጫጫል።

"ሰባት፤" አለ በመጨረሻ።

"ሰባት።"

"ዓይኔ ደህና ነው?"

"ደህና ነው፣ አባ ኑርሀን።"

እስክሪብቶውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠ። ሽርጡን ወደ ፊቱ ስቦ ተሸፈነበት፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰሎሜ ልትነካው እጇን ዘረጋች፤ አልደፈረችም፤ መለሰችው። ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

"ሁለት ቀን፤" አለ ከሽርጡ ውስጥ። "ሁለት ቀን ሙሉ እጄን ቆርጬ ልጣለው ስል ነበር። ምን አደረግሽኝ፣ አንቺ ልጅ?"

"ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም።"

"አትበዪ።" ፊቱን ገለጠ። "ኑርሀን ታውቃለች?"

ይህን መዋሸት ትችል ነበር። "ውጭ ነበረች። ምግብ ይዛልዎት። ጠየቀችኝ፤ አስራ አንድ አልኳት። ሄደች።"

አሬሮ ወደ በሩ አየ። አስካሪው ሰዓቱን እያሳየ መጣና ክንዱን ያዘው፤ ሽማግሌው ሳይገፋ ተነሣ። ወደ ውስጥ ሲወስደው አንዴ ዞሮ አያት።

ሰሎሜ ወረቀቱን ይዛ ወደ ፀሐዩ ወጣች። ስልኳ ጮኸ። ጌድዮን ነው። ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኗል። መርማሪው ቢሮ እስኪመጣ አንድ ሰዓት አለ፤ ለእሱ መናገር ቀላሉ ነው፤ እሱ የሚያስራት እንጂ የሚያውቃት ሰው አይደለም። ከባዱ ኑርሀን ፊት ቆሞ ሰባት ማለት ነው። ስልኩ ጮሆ ጮሆ ዝም አለ።

አንድ ቦዳቦዳ፣ ሰው የሚያመላልስ ሞተር ሳይክል፣ አጠገቧ ቆመ። "ሲስታ፣ ቢሮ ነው?"

"አይደለም። እነ ሰሊም ቤት፣ ለቅሶው ጋ።"

ነጂው ልጅ ገረመው። "አሁን ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል እኮ። ወንድሞቹም አሉ። ሴት እነሱ ወደተቀመጡበት አትገባም፤ ነገ ብትሄጂ ይሻላል።"

"ኑርሀን እዛ ደርሳለች?"

"አሁን በሴቶቹ በኩል ስትገባ አይቻታለሁ።"

ሰሎሜ ሻሿን ፀጉሯ ላይ አስራ ከኋላው ተቀመጠች።

"ንዳው፤" አለችው።